ለአበልጅ የተጠበቀ ኩሬ

ወንዝ የሚወድ አንድ ሰው ነበረ።

ፊትህን አታጥቁር አስማረ፤ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። «ጋሼ፣ የገዛ ልጄን ብወስድ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» ብለኸኛል። የፍርድ ቤቱን ወረቀትም አሳይተኸኛል፤ መነጽሬን አድርጌ ማኅተሙን ጭምር አይቼዋለሁ። ቅዳሜ ወንድምህ ቤት ልጅቱን ልትወስድ ስትሄድ ሽማግሌ ሆኜ አብሬህ እንድቆም ትፈልጋለህ። እመልስልሃለሁ። ግን እንደ ዳኛው በአንድ ገጽ መመለስ አልችልበትም። አሥራ አራት ዓመት ቆይተህ የመጣህ ሰው ግማሽ ሰዓት መቀመጥ አያቅትህም።

ሰውየው የሚወደው ወንዝ ትልቅ ወንዝ አልነበረም። በበጋ ማንም ዘሎ ይሻገረዋል። ከተራራ ወርዶ፣ በድንጋይ መሐል እየተሹለከለከ መጥቶ፣ አንድ ቋጥኝ ሥር ሲደርስ ይተኛና ሰፊ ኩሬ ይሠራል። ዓሣው ያለው እዚያ ነው። በበጋ ሌላው ቦታ ሲደርቅ የላዩም የታቹም ዓሣ ወደዚያ ይሰበሰባል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከዚያ ወጥቶ ወንዙን ሁሉ ይሞላዋል። የወንዙ ዘር የሚተርፈው በዚያ በአንድ ኩሬ ነበር ማለት ነው።

አገሬው በትል ያጠምዳል። ሰውየው ግን የሚያጠምደው በላባ ነበር። በወጣትነቱ ድልድይ ሊሠራ የመጣ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ዘንድ ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ሠርቷል፤ ጥበቡን ያገኘው ከዚያ ሰው ነው። ከአውራ ዶሮ አንገት ላባ ይነቅላል፤ መንጠቆው ላይ በሐር ክር ይጠመጥመዋል፤ ሲጨርስ ዝንብ ይመስላል። ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ይይዝና ክሩን ወደ ኋላ ይወረውራል፤ አየር ላይ እስኪዘረጋ ጠብቆ ወደ ፊት ይለቀዋል። ላባዋ ውሃው ላይ ቀስ ብላ ታርፋለች። ዓሣው ዝንብ መስላው ብቅ ብሎ ይውጣታል። አገሬው መጀመሪያ ሲያየው «በውሸት ዝንብ እውነተኛ ዓሣ!» እያለ ሳቀበት፤ በኋላ ግን ሥራውን ለማየት ቋጥኙ ላይ የሚቀመጥ ሰው በዛ።

ይህ አጠማመድ ጉልበት አይፈልግም። ዓሣ ሁልጊዜ ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ አንተ ከታች በኩል፣ ከበስተኋላው ትመጣለህ። ትንበረከካለህ። ጥላህ ውሃው ላይ ካረፈ አበቃ፤ የዚያን ቀን ወደ ቤትህ ሂድ። ሰውየው ግማሽ ቀን ተንበርክኮ ውሎ ሁለት ዓሣ ይዞ ይገባ ነበር። ትንንሾቹን ከመንጠቆው ፈትቶ ይለቃቸዋል። ደስተኛ ሰው ነበር።

ማሳው ከኩሬው አጠገብ የሆነ አንድ ገበሬ ነበር። የገበሬውን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሣው ሰውየው ስለሆነ «አበልጄ፣ አበልጄ» ይባባሉ ነበር። በዚያ አገር አበልጅነት ቀልድ አይደለም። ወንድም ከወንድሙ ጋር በድንበር ይካሰሳል፤ አበልጅ ከአበልጁ ጋር ሲካሰስ ግን ታይቶ አይታወቅም። ገበሬውም በላባ ማጥመድ ከአበልጁ ተማረ፤ እንዲያውም እጁ ከአስተማሪው እጅ ይቀል ነበር ይላሉ።

እንግዲህ ያ አገር ብርብራ የሚባለው ዛፍ የሞላበት ነው። አንተም ቆላ ስለኖርክ ታውቀዋለህ። ፍሬውን ፈልፍለው ይወቅጡታል፤ ዱቄቱን በጆንያ አድርገው ውሃ ውስጥ ያሹታል። ውሃው አረፋ ያወጣል፤ ዓሣው ይሰክራል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ከዚያ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። የሰው ሥራ መልቀም ብቻ ነው። ትልቅ ትንሽ የለ፣ እንቁላል የያዘ ያልያዘ የለ፤ ሁሉም ይወጣል። የሚወቀጠው ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ውሃው ጎድሎ ዓሣው ሲታጎር ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናት እተወዋለሁ፤ የሚበላው ብዙ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ከቋጥኙ በታች ያሉት ትንንሽ ኩሬዎች ገና ሳይደርቁ በየተራ በብርብራ አለቁ። ሁለቱ አበልጆች ይህን ባዩ ጊዜ የአገሩን ሽማግሎች ለምነው የቋጥኙን ኩሬ አስገዘቱት። ማንም እዚያ ብርብራ እንዳይጨምር ተገዘተ።

ነገር ግን ግዝት ያለ ዘበኛ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። የረሀብ ቀን የመጣ እንደሆነ ሰው ውግዘቱን ለነገ ያቆየዋል።

ከዚያ ሰውየውን ከተማ ያለ አጎቱ ጠራው። የእህል ንግድ ነበር። «ሁለት ክረምት ብቻ ነው» አለ ሰውየው። ሊሄድ ሲል ገበሬውን ኩሬው ዳር ወስዶ፣

«አበልጄ፣ በአበልጅነታችን ይዤሃለሁ። ስመለስ ይህን ኩሬ እንዳለ ላግኘው» አለው።

«ማንም አይነካውም» አለ ገበሬው።

«ማልልኝ።»

«ክርስትና ያነሣህልኝን ልጅ ይንሣኝ!» ብሎ ማለ።

ሁለት ክረምት የተባለው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ።

ገበሬው በየዓመቱ ጾም ሲይዝ ዱላውን ይዞ ኩሬው ዳር ይውላል። ምሳውን እዚያ ይበላል። እርሻውን በጠዋት ይጀምርና አቋርጦ ይመጣል፤ ከፊሉ ማሳ ጦም ያደረባቸው ዓመታት ነበሩ። መጀመሪያ ጎረቤቶቹ አከበሩት፤ ቀጥሎ ሳቁበት፤ በመጨረሻ ጠሉት። «ለሌለ ሰው ዓሣ የሚያረባ» የሚል ስም አወጡለት። ሚስቱ ደግሞ ምላሷ አይቻልም። «አበልጅህ እዚያ ቅልጥም ይሰብራል፤ አንተ እዚህ የዓሣ ዘበኛ ሆነሃል። ደመወዙን መቼ ነው የሚልክልህ?» ትለዋለች። እሱ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ከኩሬው የሚያወጣው በላባ፣ ለቤቱ ለዕለት የሚበቃ ብቻ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ያን ጊዜ ስድስት ሰዎች የተወቀጠ ብርብራ ተሸክመው መጡ። የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ከሁለቱ ጋር ማኅበር ይጠጣል። ገበሬው መንገዱ ላይ ተኛ። «በእኔ ላይ እለፉ» አላቸው። ለመኑት፤ እንቢ አለ። ልጆቻችን ተርበዋል አሉት፤ የእኔም ተርበዋል አለ። እውነቱን ነው፤ የእሱም ተርበው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ትዕግሥቱ አለቀና በሽመል መታው። ራስ ቅሉ ላይ የተሰነዘረውን በቀኝ እጁ ሲመክት አንጓው ላይ ተሰበረ። ደሙን ሲያዩ ደነገጡ፤ ጆንያቸውን ተሸክመው ተመለሱ። ወጌሻ እጁን አሸው፣ አሰረው፤ ግን ጠምሞ ነው የዳነው። ከዚያ ወዲያ ሞፈር ሲይዝ ይንሸራተተዋል። ክር መወርወርማ ጨርሶ ተወ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት የጠበቀው ራሱ የማያጠምደውን ዓሣ ነው።

አሁን ወደ ሰውየው ልመለስ። ሰውየው ከተማ ገብቶ ተሳካለት። መጋዘን አቆመ፤ ቤት ሠራ። በቤቱ ግብዣ ባለ ቁጥር፣ ምግቡ ከተነሣ በኋላ፣ ስለዚያ ወንዝ ያወራል። ቋጥኙን ያወራል፤ ላባዋ ስታርፍ ውሃው ላይ የምትሠራትን ትንሽ ክብ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ያሳያል። አንዳንዴ ዕንባ ይመጣበታል። ማስመሰል አልነበረም። አስማረ፣ እዚህ ላይ ስማኝ፤ የሰውየው ናፍቆት እውነተኛ ናፍቆት ነበር። ሰው የናፈቀውን ነገር አይጎዳም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነሱ አይደለሁም።

በየዓመቱ «ዘንድሮ እሄዳለሁ» ይላል። አንዱ ዓመት መጋዘኑ አስቀረው፤ አንዱ ዓመት የቤቱ ጣሪያ፤ አንዱ ዓመት የሚስቱ ዘመድ ሠርግ። ሁለት ጊዜ ለአበልጁ ጋቢ ልኮለታል። ያንንም እዚህ ላይ ማንሣት አለብኝ፤ ሰውየውን አልበድለውም።

በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ በጾሙ መካከል፣ በመኪና መጣ። አምስት እንግዶች ይዞ ነው የመጣው፤ ወሬውን በየግብዣው የሰሙ ሰዎች ናቸው። በልዩ ሽፋን የተሸፈነ፣ እንደ ቄጠማ የሚቀል አዲስ የውጭ አገር ዘንግ ገዝቷል። ገበሬው መኪናውን ሲያይ ከማሳው እየሮጠ ወጣ። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ገበሬው ስለ እጁ አንድም ቃል ሳይናገር አበልጁን በክንዱ ይዞ ወደ ቋጥኙ ወሰደው።

«ተመልከት» አለው።

ኩሬው ሙሉ ነበር። ውሃው ጠርቶ፣ ዓሣው ተደርድሮ፣ ከሥር ከሥር ጀርባው ይታያል። ክንድ የሚያህሉ ነበሩበት። ሰውየው የገበሬውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፤ ገበሬው ይዞ አነሣው። የዚያን ቀን ያ ገበሬ የነበረውን ፊት ያየ ሰው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ተከፍሎታል ይል ነበር።

በማግስቱ ሰውየው ዘንጉን ይዞ ወረደ። እንግዶቹ ቋጥኙ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ ማስገባት አቃተው፤ ዓይኑ ደክሟል። ገበሬው ተቀብሎ፣ መንጠቆውን በጠማማው እጁ ጨብጦ፣ በግራው አስገባለት። ሰውየው ሊንበረከክ ሲል ጉልበቱ እንቢ አለው፤ ቆሞ ወረወረ። ላባዋ ከኋላው ያለ ቁጥቋጦ ላይ ተያዘች። ሁለተኛ ወረወረ፤ ክሩ ተጠቅልሎ ራሱ ላይ ወደቀ። ሦስተኛው ውሃውን እንደ አለንጋ መታው፤ ዓሣው በሙሉ ወደ ቋጥኙ ሥር ገባ። እንግዶቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር።

«አበልጄ፣ ትንሽ ዝቅ በል» አለው ገበሬው በጆሮው። «ጥላህ ውሃው ላይ ነው።»

«ያስተማርኩህን መልሰህ ታስተምረኛለህ?» አለው ሰውየው። እንደ ቀልድ ነበር፤ ግን ቀልድ አልነበረም።

በሁለተኛው ቀንም እስከ ማታ አንድ አልያዘም። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ወፍራሙ፣ «ወንድሜ፣ ይህ ዓሣ የሚያዘው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው እንዴ?» አለ። ሌሎቹ እስኪያነቡ ሳቁ። ሰውየው ያን ጊዜ አብሮ አልሳቀም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያወራው የኖረው ነገር በሁለት ቀን ውሸት ሊሆንበት ነው።

ገበሬው ነገሩ ገባው። ወደ ጎን ወሰደውና፣

«አበልጄ፣ ጥፋቱ የዓሣው አይደለም፤ ያንተም አይደለም። እጅህ ነው የረሳው። እጅ ደግሞ ይመለሳል። እንግዶችህን ሸኝና አንድ ወር እኔ ዘንድ ተቀመጥ። በየጠዋቱ አብረን እንወርዳለን። ዓሣውም ይለምድሃል» አለው።

«አንድ ወር? እሑድ ከተማ መግባት አለብኝ።»

«እንግዲያው ባዶ እጅህን ሂድና ስትችል ተመለስ። ኩሬው የት ይሄዳል?»

ሰውየው ወደ እንግዶቹ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሾፌሩን ወደ ገበያ ላከ። ሾፌሩ ሁለት ጆንያ የተወቀጠ ብርብራ ጭኖ መጣ።

ገበሬው ጆንያዎቹን ሲያይ መጀመሪያ አላመነም። ከሾፌሩ ጋር ሊጣላ ተነሣ፤ ሾፌሩን ሌባ መስሎታል። ሰውየው፣

«ተወው፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለው።

«ለምኑ?»

«ለኩሬው ነዋ! እንግዶቼ ምን ይበሉ? እነዚህ ሰዎች ባዶ እጄን አይተውኝ ይሂዱ?»

ገበሬው ዱላውን ጨበጠ። መንገዱ ላይ ቆመ። ያ መንገድ ያው ስድስቱ ሰዎች የመጡበት መንገድ ነው።

«ምን ሆነሃል?» አለ ሰውየው፤ አሁን ድምፁ ከፍ ብሏል፤ እንግዶቹ ያዩታል። «ኩሬውን ያስገዘትኩት እኔ። ጠብቅልኝ ብዬ የሰጠሁህ እኔ። የእኔ አይደለም ነው የምትለኝ?»

ገበሬው ጆንያዎቹን አየ፤ ሰውየውን አየ። ከዚያ፣

«ያንተ ነው» አለ። «ላንተ ልጠብቀው በልጄ ምዬልሃለሁ። ካንተ እንድጠብቀው ግን አላስማልከኝም።»

ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከመንገዱ ወጥቶ ሳሩ ላይ ቆመ።

ጆንያዎቹን ሾፌሩና ሰውየው ራሱ አሹዋቸው። ውሃው ነጭ አረፋ አወጣ። ትንሽ ቆይቶ ዓሣው ከቋጥኙ ሥር እየወጣ መሽከርከር ጀመረ፤ አፉን ከውሃው በላይ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከዚያ አንዱ ተገለበጠ፤ ቀጥሎ አሥሩ፤ ከዚያ ኩሬው ሁሉ ነጭ ሆድ ሆነ። ሰውየው መጀመሪያ ላይ ጮኸ፤ የደስታ ጩኸት። «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?» ይላል። እንግዶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። ትልልቆቹን መረጡ። ትንንሾቹ፣ የስንዴ እሸት የሚያህሉት፣ እየተንሳፈፉ ወደ ታች ሄዱ። የሚለቅማቸው አልነበረም፤ ቁራ ብቻ መጣ።

እዚያው ዳር ላይ ጠበሱት። በሎሚና በበርበሬ ተበላ። ሰውየው ገበሬውን ለምሳ ቢፈልገው አጣው፤ ወደ ቤቱ ሄዷል። «ያኮርፋል፤ ይተወዋል» አለ። እሑድ ወደ ከተማ ተመለሱ። በቀጣዩ ግብዣ ላይ እንግዶቹ ራሳቸው ስለ ኩሬው መሰከሩ፤ ክንድ የሚያህሉ ነበሩ አሉ። ሰውየው ግን የዚያን ቀን ቶሎ ተኛ።

በሚቀጥለው ዓመት ብቻውን መጣ። ነጋዴ እንደመሆኑ ያጠፋውን መተካት የሚቻል መስሎት ነበር። ክረምት መጥቶ ሄዷል፤ ውሃው ሞልቶ ጎድሏል፤ ኩሬው ጠርቷል። ቋጥኙ ላይ ተኝቶ ቀኑን ሙሉ ውሃውን አየ። እንቁራሪት አየ። የውሃ ላይ ሸረሪት አየ። ሌላ ነገር አላየም።

ወደ ገበሬው ቤት ሄደ። ገበሬው ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ወንበር አቀረበለት፤ እጁን አስታጠበው፤ ምሳ አስቀረበለት። አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። «ይግቡ ጌታዬ፣ ይቀመጡ ጌታዬ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?» አለው። አንቱ አለው፣ አስማረ። ሃያ ዓመት አንተ እየተባባሉ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና አንሥቶ፣ አንቱ አለው። ሰውየው የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አስቀምጦ «አበልጄ፣ ስደበኝ እባክህ» ብሎ ለመነው። ገበሬው «ኧረ ምን በወጣዎት» አለ። ሰውየው ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም፤ ቢመለስስ ወደ ምን ይመለሳል?

ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

አስማረ፣ ሚስትህ ስትሞት ልጅቱ የሦስት ወር ልጅ ነበረች። ወንድምህ እጅ ላይ አስቀምጠህ «ለሁለት ዓመት ብቻ ነው» ብለህ ቆላ ወረድክ። አልፈርድብህም፤ ሐዘን ሰውን ያባርራል። ናፍቃሃለች፤ እሱንም አምናለሁ፤ ስታወራት ድምፅህ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ግን ኩፍኝ ሲይዛት አቅፋት ያደረችው የወንድምህ ሚስት ናት። ትምህርት ቤት ስትሄድ ወንዝ ያሻግራት የነበረው ወንድምህ ነው። የራሱን ልጅ ትምህርት አስቋርጦ እሷን ያስተማረው «የሰው አደራ ናት» ብሎ ነው። እሱ ይህን አልነገረህም። አይነግርህምም። እኔ ነኝ የምነግርህ።

መጣህ። ሦስት እሑድ ሄድክባት። ጫማ አመጣህ፤ ቀሚስ አመጣህ። ልጅቱ ከአክስቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች፤ በወጉ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችህም። አፈርክ። ሰው እያየህ አፈርክ። ፍርድ ቤት ሄደህ ይህን ወረቀት ያወጣኸው ከሦስተኛው እሑድ በኋላ መሆኑን ከቀኑ አይቻለሁ። ወረቀቱ ያንተ ናት ይላል፤ ልክ ነው፣ ያንተ ናት። ኩሬውንም የሰውየው አይደለም ያለ የለም። በእጅህ የያዝከው ብርብራ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ቅዳሜ ይዘሃት ትወጣለህ። ወንድምህ መንገድ ላይ አይተኛብህም፤ ከማንም ሊጠብቃት ይችላል፣ ካንተ ግን ሊጠብቃት አይችልም። ልጅቱም አታስቸግርህም። አዲሱ ቤትህ ገብታ እሺ ትላለች፣ አቤት ትላለች፣ ውሃ ስትጠይቃት ታቀርባለች። ጎረቤት «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» ይልሃል። አባቴ ብላ ልትጠራህ ትችል የነበረችው ልጅ ግን ያኔ የለችም፤ አንተው ጨርሰሃታል።

ምን ላድርግ ነው የምትለኝ? ወረቀቱን እቤትህ አስቀምጥ። ከወንድምህ ቤት አጠገብ ቤት ተከራይ። በየእሑዱ ሂድ፤ ጫማ ሳይሆን ራስህን ይዘህ ሂድ፤ ከደጁ ተቀመጥ። ብትሸሽ ተቀመጥ፤ ሰው ቢስቅብህ ተቀመጥ። ዓመትም ይሁን ሁለት። ላትመጣም ትችላለች፤ ይህንም ከአሁኑ እወቀው።

ይህን ሁሉ በምን አወቅህ ብለህ ደግሞ ትጠይቀኛለህ። ከአምስቱ እንግዶች አንዱ እኔ ነበርኩ። የሰውየው መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ፤ ዓሣው ይበላል ሲባል ከቋጥኙ ላይ የወረድኩት ከሁሉ ቀድሜ ነው። ገበሬው ዱላውን ሲያስቀምጥ ፊቱን አይቻለሁ፤ ጆንያው ገና አልተፈታም ነበር፤ «ተው» ብል አለቃዬ ይሰማኝ ነበር። ዝም አልኩ። እጁ እንዴት እንደተሰበረ ከዓመታት በኋላ ሄጄ ስጠይቀው እኔንም አንቱ ብሎ ነው ያጫወተኝ።

ያን ዓሣ በልቻለሁ፣ አስማረ፤ ሁለት በልቻለሁ፣ ጣፍጦኝም ነበር። ቅዳሜ ሌላ ሽማግሌ ፈልግ።